የእንጨት ወለልና የውሃ ፖሊዩሬታን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች የእንጨት ወለላቸውን አስልገው እንደገና ለማስቀባት ያሰቡ ሰዎች ሥራው ከመጀመሩ በፊት፣ አንዳንዴም በሚያሳዝን ሁኔታ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚያነሷቸው ናቸው። ጠያቂዎቼ በአብዛኛው በሁለት ዓይነት ቤቶች ውስጥ ይኖራሉ። አንዱ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ፣ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ ወለሉም 19 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 57 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የቀይ ኦክ ጣውላ የተነጠፈ ቤት ነው። ሌላው አዲስ አበባ ውስጥ የሚገኝ፣ ፓርኬት ወይም የቆየ ጣውላ ያለው፣ ለዓመታት ሰም ሲቀባ የኖረ ቤት ነው። የሁለቱ ቤቶች ችግር አንድ ባለመሆኑ ልዩነቱን በየመልሱ ለማሳየት ሞክሬአለሁ።

የውሃ ፖሊዩሬታን ምንድን ነው? ውሃ ያለበት ነገር ወለልን ከውሃ እንዴት ይጠብቃል?

ፖሊዩሬታን ሰው ሠራሽ ሙጫ ነው። ኦቶ ባየር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስትና ባልደረቦቹ በ1937 እ.ኤ.አ. ሌቨርኩሰን ከተማ ውስጥ ከደረሱበት ጊዜ ጀምሮ ለስፖንጅ ፍራሽ፣ ለጫማ ሶልና ለቅብ ሲያገለግል ኖሯል። በዘይቱ ዓይነት ውስጥ ይህ ሙጫ በአየር ከሚደርቅ ዘይት ጋር ተዋህዶ በቀለም ማቅጠኛ ይሟሟል። በውሃው ዓይነት ግን ሙጫው አይሟሟም፤ በዓይን የማይለዩ ደቃቅ እንክብሎች ሆኖ፣ ቅባት ወተት ውስጥ እንደሚንሳፈፈው፣ በውሃው ውስጥ ተበትኖ ይቀመጣል። ቆርቆሮው ሲከፈት ቅቡ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነውና ማንም ሰው ወለሌ ነጭ ሊሆን ነው ብሎ መደንገጥ የለበትም። ቅቡ እንጨቱ ላይ ሲያርፍ ውሃው ይተናል፤ እንክብሎቹም እየተጠጋጉ፣ አብሯቸው ባለው ጥቂት አሟሚ እየለሰለሱ፣ እርስ በርስ ተጣብቀው አንድ ወጥና ጥርት ያለ ሽፋን ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ ውሃ መልሶ አይበጠብጣቸውም። ውሃው ሙጫውን ወለሉ ላይ የሚያደርስ ማጓጓዣ ነው እንጂ የደረቀው ቅብ አካል አይደለም።

ከዘይት ፖሊዩሬታን በምን ይለያል? የትኛውን ልምረጥ?

በመጀመሪያ ደረጃ በቀለሙ ይለያል። የዘይቱ ዓይነት ገና ሲቀባ ወለሉን ወደ ማር ይወስደዋል፤ ዓመታት ባለፉ ቁጥርም እየደፈረሰ ወደ ብርቱካንማ ይሄዳል። ምንጣፍ ለብዙ ጊዜ በኖረበት ቦታና በክፍት ቦታ መካከል የሚታየው የቀለም ልዩነትም በአብዛኛው የዚህ ውጤት ነው። የውሃው ዓይነት የእንጨቱን መልክ እንዳለ ይተወዋል፤ ነጭ ኦክ ወይም ሜፕል ነጣ እንዳለ ይቆያል። ይህ ለአንዳንዱ ሰው ጥቅም ሲሆን ለሌላው ጉድለት ነው። ቀይ ኦክ በውሃ ፖሊዩሬታን ሲቀባ ሮዝ የሚመስለው የተፈጥሮ ቀለሙ ሳይሸፈን ይታያል፤ የልጅነት ቤታቸውን ሞቅ ያለ ወርቃማ ወለል የሚያስታውሱ ሰዎችም ቀዝቃዛና ባዶ ሆኖባቸው ቅር ሲላቸው አይቻለሁ። መፍትሔው መጀመሪያ ላይ ሞቅ ያለ ቀለም የሚሰጥ ሲለር (ከዋናው ቅብ በፊት የሚቀባ መነሻ ቅብ) አንድ እጅ መቀባት፣ ከዚያም የውሃውን ዓይነት በላዩ ላይ መደረብ ነው። ሆኖም ቀለሙን በሱቅ ናሙና አይወስኑ፤ በገዛ ወለልዎ ላይ፣ ቁም ሣጥን በሚሸፍነው ጥግ፣ ትንሽ ቦታ አስልገው ያስቀቡና በቀን ብርሃንም በአምፖልም ይመልከቱት።

ሁለተኛው ልዩነት ጊዜ ነው። የዘይቱ ዓይነት የሚደርቀው ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ስለሆነ በአንድ እጅና በሚቀጥለው መካከል ከ8 እስከ 24 ሰዓት ያስጠብቃል። የውሃው ዓይነት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ለሚቀጥለው እጅ ይደርሳል፤ ስለዚህ ጠዋት የጀመረ ባለሙያ ማታ ላይ ሁለተኛውን እጅ ጨርሶ ሊሄድ ይችላል። ሽታውም ቀላል ነው፤ የዘይቱ ሽታ ለቀናት ቤት የሚያስለቅቅ ሲሆን የውሃው ዓይነት በአብዛኛው በማግስቱ ይበርዳል።

በጥንካሬ በኩል የድሮው አስተያየት ዘይቱ ይበልጣል የሚል ነበር፤ የዛሬዎቹ ጥሩ የውሃ ቅቦች፣ በተለይም ማጠንከሪያ የሚጨመርባቸው፣ ይህን አስተያየት ሽረውታል። ዋጋው ግን ከፍ ይላል፤ ርካሹ የውሃ ቅብ ደግሞ የጥሩውን ስም ይዞ ስለሚሸጥ ብዙ ሰው በእሱ ተማርሮ ወደ ዘይት ይመለሳል። የእኔ ምክር ሕፃን ወይም የመተንፈሻ ሕመም ያለበት ሰው በሚኖርበት ቤት፣ ወለሉን ለረጅም ጊዜ ዘግቶ ማቆየት በማይቻልበት ቦታ፣ እንዲሁም ነጣ ያለ እንጨት ላይ ያለማመንታት የውሃውን ዓይነት መምረጥ ነው። ለስህተት ሰፊ ጊዜ የሚፈልግና ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እጁ የሚቀባ ሰው ግን ዘይቱ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ይታገሠዋል፤ የውሃው ዓይነት እንዲህ አይታገሥም።

ወለሌ ለዓመታት ሰም ሲቀባ ኖሯል። በላዩ ላይ የውሃ ፖሊዩሬታን ማስቀባት እችላለሁ?

አይቻልም። ከአዲስ አበባ ከሚመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ከፍተኛ ጉዳት የሚያስከትለው ይህ ስለሆነ በዝርዝር መመለስ ይገባዋል። የወለል ሰም በቤቶቻችን ዘንድ የተለመደ ነው፤ ለበዓል ሲደርስ ቀይ ወይም ቢጫ ሰም ተቀብቶ፣ ደርቆ፣ በጨርቅና በእግር እስኪያበራ መታሸቱ ብዙዎቻችን ያደግንበት ሥራ ነው። ሰሙ ግን በእንጨቱ ቀዳዳዎችና በጣውላዎቹ መገናኛ ስንጥቆች ውስጥ ይገባል፤ የውሃ ቅብም ሰም ላይ አይይዝም። ሲቀባ ውሃ በቅባታም ሳህን ላይ እንደሚያደርገው ተሰብስቦ ዓይን ዓይን ይሠራል፤ እንደምንም ቢደርቅ እንኳ ከወራት በኋላ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሣ ይወጣል።

ወለሉ ሰም ይኑርበት አይኑርበት ካላወቁ ሰው በማይበዛበት ጥግ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ውሃ ጣል ያድርጉና 10 ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። ጠብታው የነበረበት ቦታ ነጣ ያለ ምልክት ካሳየ ሰም አለ ማለት ነው። ሌላው መንገድ ነጭ ጨርቅ በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛ) ነክሮ ወለሉን ማሸት ነው፤ ጨርቁ ቢጫ ወይም ቡናማ ቅባት ይዞ ከተነሣ መልሱ ያው ነው። ሰም ያለበት ወለል እስከ ጥሬ እንጨቱ ድረስ መላግ አለበት፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ሰሙን በተቻለ መጠን በአኳራጅ እየጠረጉ ማንሣት ይጠቅማል፤ አለበለዚያ ሰሙ በማሽኑ ሙቀት እየቀለጠ የብርጭቆ ወረቀቱን ይደፍነዋል፤ ወደ እንጨቱም ጠልቆ ይገባል። ይህን ሲያደርጉ መስኮት ይከፈት፤ እሳት፣ ከሰልና ሲጋራም ከቤቱ ይራቁ። ከላጉ በኋላ የውሃ ጠብታውን ፈተና በድጋሚ ማድረግ አይከፋም።

ቀድሞ የዘይት ፖሊዩሬታን የተቀባ፣ ሰም ግን ያልነካው ወለል ከሆነ ሁኔታው ይለያል። ቅቡ ፈጽሞ የጠነከረና ያልተላጠ ከሆነ በደንብ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ገጹ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ሻከር ከተደረገ በኋላ የውሃው ዓይነት በላዩ ላይ ሊደረብ ይችላል።

የእኔ ወለል ሊላግ የሚችል ነው?

ፓርኬት የሚለው ቃል ዛሬ ብዙ ነገር ስለሚጠራ መጀመሪያ ያለዎትን ማወቅ ያስፈልጋል። እውነተኛው ፓርኬት ከላይ እስከ ታች እንጨት የሆነ ቁራጭ ሲሆን ብዙ ጊዜ ሊላግ ይችላል። በብዙ አዳዲስ አፓርታማዎች የሚነጠፈውና በተለምዶ ፓርኬት የሚባለው ላሚኔት ግን በታመቀ የእንጨት ብናኝ ላይ የእንጨት ሥዕል የታተመበት ወረቀት የተለጠፈበት ነው፤ ማሽን ሲነካው ሥዕሉ ይጠፋል፤ የሚመለስበት መንገድም የለም። በመካከላቸው ያለው፣ ከላይ የእውነተኛ እንጨት ስስ ሽፋን ተለጥፎበት ከሥር ኮምፔንሳቶ የሆነው ነው። የላይኛው ሽፋን 2 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ከሆነ እንዲላግ አልመክርም። ውፍረቱን ለማወቅ በር ሥር ያለውን መሸጋገሪያ ቁራጭ ነቅለው የጣውላውን ጎን መመልከት ይበቃል።

ከመቀባቱ በፊት ወለሉ እንዴት ይዘጋጃል?

ወለሉ ምን ያህል እንደሚያምር የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። የዘይት ቅብ ወፈርና ጠቆር ስለሚል ትንንሽ ጭረቶችን ይደብቃል። የውሃ ቅብ ስስና ጥርት ያለ ስለሆነ ማሽኑ የተወውን እያንዳንዱን ክብ ጭረት እንደ መስተዋት ያሳያል። ስለዚህ ሥራው በሻካራ ወረቀት፣ በ36 ወይም በ40 ቁጥር ተጀምሮ፣ ወደ 60፣ ወደ 80፣ በመጨረሻም ወደ 100 ወይም 120 ቁጥር ደረጃ በደረጃ መውጣት አለበት። አንድ ቁጥር መዝለል ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ነገር ግን የ40 ቁጥር ጭረትን 100 ቁጥር ሊያነሣው አይችልም፤ ጭረቱ የሚታየው ደግሞ ቅቡ ከደረቀ በኋላ የማታ ፀሐይ በመስኮት አግድም ስትገባ ነው። እኔ የመጨረሻውን ዙር ከጨረስኩ በኋላ ክፍሉን አጨልሜ የእጅ ባትሪ ወለሉ ላይ አጋድሜ አበራለሁ፤ ያኔ የሚታየኝ ጭረት ሁሉ ነገ ባለቤቱ የሚያየው ነው። ቀዳዳና ስንጥቅ በስቱኮ ሲሞላ ስቱኮው የውሃ ቅብ የሚቀበል መሆኑን ማሸጊያው ላይ ማረጋገጥ ይገባል።

ስለ ብናኙ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለ። አሜሪካ ውስጥ ከ1978 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ቤት ከሆነ የቆየው ቅብና ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል፣ በተለይ ትንንሽ ልጆች ካሉ፣ ማሽን ከመነሣቱ በፊት መመርመር አለበት፤ በመኖሪያ ቤት የእርሳስ ቀለም የታገደው በዚያ ዓመት ነው። ሁለተኛው፣ ከአሮጌ የዘይት ቅብ የሚወጣ ብናኝ በማሽኑ ከረጢት ውስጥ እንደታመቀ ካደረ በራሱ ግሎ እሳት ሊያነሣ ይችላል። ከረጢቱ በየማታው ከቤት ውጭ፣ በብረት ዕቃ ውስጥ ይራገፍ።

ከመጀመሪያው እጅ በኋላ ወለሉ ሻከረ። ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። የእንጨቱ ቃጫ ውሃ ሲነካው ያብጥና ይቆማል፤ በዚያው ላይ ቅቡ ይደርቅበታል። ደርቆ ሲያበቃ በ220 ቁጥር ወረቀት በቀላሉ ይታሻል፤ ብናኙ በቫኪዩም ይነሣል፤ ቀሪውም ረጠብ ባለ ጨርቅ ይጠረግና የሚቀጥለው እጅ ይቀባል።

በየመካከሉ ለማሸት የብረት ሱፍ መጠቀም እችላለሁ?

በፍጹም አይጠቀሙ። ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። በሙያው ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ በዘይት ቅብ ላይ የለመድኩትን የብረት ሱፍ የውሃ ቅብ በተቀባ የኦክ ወለል ላይ ተጠቀምኩ። ወለሉን በቫኪዩም ሁለት ጊዜ ሄጄበት ንጹሕ መስሎኝ ሁለተኛውን እጅ ቀባሁ። በማግስቱ በሩን ስከፍት የሳሎኑ ወለል መስኮቱ ሥር ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። ከሱፉ ተሰብረው የቀሩት የፀጉር ያህል ቀጭን ብረቶች በቅቡ ውሃ ዝገው፣ ኦክ በተፈጥሮው ካለው ታኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ተዋህደው ጠቁረዋል። ነጥቦቹ ከቅቡ ሥር ስለነበሩ ምንም ማጽጃ አላነሣቸውም፤ ወለሉን እስከ ጥሬ እንጨቱ አልጌ፣ ቅቡን በራሴ ወጪ ገዝቼ፣ ቤተሰቡን ለአራት ተጨማሪ ቀን ከቤቱ አስወጥቼ ሥራውን እንደገና ሠራሁ። ስለዚህ የብርጭቆ ወረቀት ወይም ለዚሁ የተሠራ የናይለን መፈግፈጊያ ብቻ ይጠቀሙ። ሰው ቀጥረው ከሆነም ይህን አስቀድመው መጠየቅዎ ነውር የለውም።

ማጠንከሪያ የሚጨመርበትና የማይጨመርበት ቅብ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

አንደኛው እንዳለ ከቆርቆሮው የሚቀባ ነው። ሁለተኛው ከመቀባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ማጠንከሪያ የሚባል ትንሽ ጠርሙስ ይጨመርበታል፤ ማጠንከሪያው የሙጫውን ሰንሰለቶች እርስ በርስ ስለሚያስተሳስራቸው የደረቀው ሽፋን ለጭረት፣ ለውሃና ለኬሚካል ይበልጥ የማይበገር ይሆናል። ሬስቶራንት፣ ቢሮ፣ ልጆች የሚሯሯጡበት ሳሎን፣ ውሻ ያለበት ቤት ሁሉ ማጠንከሪያ ያለው ይገባቸዋል። ብዙም የማይረገጥ የመኝታ ክፍል ግን ያለ ማጠንከሪያ ይበቃዋል። ከተቀላቀለ በኋላ ያለው ዕድሜ እንደ ቅቡ ዓይነት ከጥቂት ሰዓት እስከ አንድ ቀን ነው፤ ያ ሰዓት ካለፈ የተረፈው ደህና ቢመስልም መጣል አለበት። ማጠንከሪያዎቹ ብዙ ጊዜ ለሳንባና ለቆዳ የሚያሰጉ ኬሚካሎች ስላሉባቸው ጓንትና በአምራቹ የተመለከተው የመተንፈሻ መከላከያ ግድ ናቸው፤ ሽታው ቀላል መሆኑ ሰውን ሊያዘናጋ አይገባም።

ስንት እጅ ይቀባል? ስንት ሊትር ልግዛ?

በውሃ ቅብ ውስጥ ያለው ጠጣር ነገር ከዘይቱ ያነሰ ስለሆነ እያንዳንዱ እጅ ቀጭን ሽፋን ይተዋል፤ በዘይት ሁለት ወይም ሦስት እጅ የሚበቃው ወለል በውሃ ሦስት ወይም አራት እጅ ይፈልጋል። አንዱን እጅ አወፍሮ ሁለቱን አንድ ማድረግ አይቻልም፤ የወፈረ የውሃ ቅብ ከላይ ደርቆ ከሥር ስለሚረጥብ ይጨማደዳል። አንድ ሊትር በአማካይ ከ9 እስከ 12 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ለምሳሌ 5 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ሳሎን 20 ካሬ ሜትር ነው፤ አንድ ሊትር 10 ካሬ ቢሸፍን ለአንድ እጅ 2 ሊትር፣ ለሦስት እጅ 6 ሊትር ያስፈልጋል። ጥቂት ትርፍ መያዝ ይሻላል፤ በመካከል አልቆ ከሌላ ቆርቆሮ ለመቀጠል ሲሞከር መገጣጠሚያው ይታወቃል።

ማት (ድብዝዝ)፣ ሳቲን (መካከለኛ) እና አንጸባራቂ ከሚባሉት የትኛው ይሻላል?

አንጸባራቂው አቧራንና ጭረትን አብዝቶ ያሳያል፤ ሳቲንና ማት ይደብቃሉ። በጥንካሬ ብዙም አይለያዩም። የማቱን ድብዝዝነት የሚሰጠው ዱቄት ከቆርቆሮው ሥር ስለሚዘቅጥ በየመካከሉ መማሰል አለበት፤ ካልተማሰለ የወለሉ ግማሽ ሲያበራ ግማሹ ይደበዝዛል።

አረፋና የሮለር መስመር እንዳይቀር ምን ላድርግ?

ቆርቆሮውን አይነቅንቁት፤ በእንጨት ቀስ ብለው ያማስሉት። ክፍሉ ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የአየሩም እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። ግድግዳ ሥር ያለውን በብሩሽ ይጀምሩ፤ ነገር ግን የክፍሉን ዙሪያ በሙሉ በብሩሽ ጨርሰው ወደ መሀል አይመለሱ፤ ብሩሹ የነካው ቦታ ይደርቅና ሮለሩ ሲደርስበት እንደ ክፈፍ ሆኖ ይቀራል። ሁለት ሰው ቢሆኑ ጥሩ ነው፤ አንዱ በብሩሽ እየመራ ሌላው በሮለር ይከተላል። የእንጨቱን ጅማት ተከትለው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሳያቋርጡ ይሂዱ፤ የቀደመው መስመር ጠርዝ ሳይደርቅ የሚቀጥለው ይድረስበት፤ ወደ በሩ እያፈገፈጉም ይጨርሱ። የረሱት ቦታ ቢታይዎት፣ ቅቡ መያዝ ከጀመረ ተመልሰው አይንኩት፤ በሚቀጥለው እጅ ይሸፈናል።

ፍጥነቱን የሚወስነው አየሩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት በቀትር ፀሐይ ቅቡ ከእጅ ሥር ይደርቃል። በዚያ ወቅት ጠዋት መሥራት፣ መጋረጃ መዝጋትና አየሩ በቀጥታ ወለሉ ላይ እንዳይነፍስ ማድረግ ያስፈልጋል። በክረምት ደግሞ በተቃራኒው የአየሩ እርጥበት ውሃውን አላስወጣም ስለሚል ማሸጊያው ላይ የተጻፈው የ2 ሰዓት ጥበቃ 4 ወይም 5 ሊሆን ይችላል። ለሚቀጥለው እጅ መድረሱን በሰዓት ብቻ አይወስኑ፤ በ220 ቁጥር ወረቀት ጥግ ላይ ሲያሹት ነጭ ዱቄት ከሆነ ደርሷል፤ ወረቀቱ ላይ እየተጠቀለለ ከተጣበቀ አልደረሰም።

በክረምት በጣውላዎቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ተከፈተ። የቅቡ ጥፋት ነው?

ይህ በብዛት የሚጠየቀው ከዋሽንግተን አካባቢ ነው፤ እዚህ ክረምት ስል የዝናቡን ሳይሆን የአሜሪካን የብርድ ወቅት ማለቴ ነው። እንጨት በበጋቸው ሙቀትና እርጥበት ያብጣል፤ በክረምት ማሞቂያ አየሩን ሲያደርቀው ይኮማተራል። በየሁለቱ ጣውላ መካከል የብር ኖት የሚያህል ስስ ክፍተት መከፈቱ ጤናማ ነው። የውሃ ቅብ ግን ወደ ስንጥቆቹ ከገባ እንደ ማጣበቂያ ሆኖ ስድስት ሰባት ጣውላዎችን አንድ ላይ ሊያያይዛቸው ይችላል፤ እነሱም እንደ አንድ ሰፊ ሳንቃ ሆነው ሲኮማተሩ በየጣውላው መከፋፈል የነበረበት ክፍተት በሙሉ በአንድ ቦታ ይከፈታል። ስለዚህ የመጀመሪያው እጅ ለዚሁ የተዘጋጀ ሲለር ቢሆን፣ ቅቡም ወለሉ ላይ በገፍ ባይፈስስ፣ ከሁሉም በላይ የቤቱ እርጥበት ዓመቱን ሙሉ በተቀራራቢ መጠን ቢቆይ ይሻላል። በክረምት የተከፈተን ክፍተት በስቱኮ ለመሙላት አይቸኩሉ፤ በጋ ሲመጣ ጣውላዎቹ ሲያብጡ ስቱኮውን ተፍተው ያወጡታል።

መቼ ልረግጠው? ዕቃ መቼ ላስገባ?

መድረቅና መጠንከር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ብዙ ሰው አይለይም። ከመጨረሻው እጅ 24 ሰዓት ያህል በኋላ በካልሲ መራመድ ይቻላል። ዕቃ ከሁለት ወይም ሦስት ቀን በኋላ፣ እየተነሣ እንጂ ሳይጎተት፣ እግሩ ሥር ወፍራም ለስላሳ ጨርቅ ተለጥፎለት ይገባል። ምንጣፍ ግን ቢያንስ አንድ፣ ቢቻል ሁለት ሳምንት ይጠብቅ፤ ቅቡ እየጠነከረ ሳለ የሚወጣው ትነት በምንጣፍ ከታፈነ ወለሉ ይደበዝዛል ወይም የምንጣፉ ጀርባ ምልክት ይታተምበታል። በዚያው ጊዜ ውስጥ ወለሉ በውሃ አይወልወል። ለሠርግ፣ ለክርስትና ወይም ለበዓል የሚያስቀባ ሰው ቀኑን ከኋላ ወደፊት ቆጥሮ ቢያንስ የሦስት ሳምንት ትርፍ ቢይዝ ይሻላል፤ በበዓል ዋዜማ የሚሠራ ወለል በደንብ ሳይጠነክር ይረገጣል።

ቡና ሳፈላ ወለሉ ይጎዳል?

ቅቡ ጠንክሮ ካለቀ ቡናው ቢፈስ ቶሎ እስከተጠረገ ድረስ ምንም አይሆንም። የሚያሰጋው ቄጤማውና እሳቱ ነው። እርጥብ ቄጤማ ጎዝጉዞ እስከ ማግሥቱ መተው ማለት ወለሉን ሌሊቱን ሙሉ በእርጥብ ፎጣ መሸፈን ነው፤ ውሃው በጣውላዎቹ መገናኛ ሰርጎ ጠርዛቸውን ያሳብጣል፤ ነጣ ባለ ወለል ላይም አረንጓዴ ጥላ ሊተው ይችላል። ቄጤማውን ከመጎዝጎዝዎ በፊት በፎጣ አድርቀው፣ ከሥሩም ውሃ የማያሳልፍ ምንጣፍ አንጥፈው፣ ሥርዓቱ እንዳበቃ ያንሡት። ከሰል ግን ማንኛውም ፖሊዩሬታን የማይችለው ነገር ነው። የፍም ፍንጣሪ ለአፍታ ቢያርፍ ጥቁር ጉድጓድ ይተዋል። የምድጃውና የማጨሻው ሥር ሸክላ ወይም ድንጋይ ይቀመጥ፤ ብረት ሙቀቱን ወደ ታች ስለሚያስተላልፍ አይበቃም። የጋለ ጀበናም በማቶቱ ላይ እንጂ በወለሉ ላይ አይቀመጥ።

በምን ላጽዳው?

በየቀኑ ለስላሳ መጥረጊያ ወይም ቫኪዩም፣ በየሳምንቱ በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ጨርቅና ለእንጨት ወለል የተሠራ፣ አሲድም አልካሊም የማይበዛበት ማጽጃ ይበቃዋል። በረኪና፣ የልብስ ዱቄት ሳሙና፣ በእንፋሎት የሚሠራ መወልወያና በባልዲ የሚደፋ ውሃ ቅቡን ይገድላሉ። ሰም ደግሞ ፈጽሞ አይቀባ። እናቶቻችን ወለሉ ሲደበዝዝ ሰም ማንሣት ስለለመዱ ይህን ለቤቱ ሰው ሁሉ፣ ለሠራተኛም ጭምር፣ በግልጽ መንገር ያስፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ሰም የነካው ወለል ነገ አንድ እጅ ለመደረብ ቢፈለግ እንደገና እስከ ጥሬው መላግ ይኖርበታል።

እንደገና የሚቀባው መቼ ነው?

ቅቡ ሳያልቅ ነው። በርና ኩሽና አጠገብ ያለው ወለል መደብዘዝ ሲጀምር፣ እንደሚረገጥበት መጠን በየ3 እስከ 5 ዓመቱ፣ ገጹን ብቻ አሽቶ አንድ እጅ መደረብ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ እንጨቱም አይነካም። ውሃ ጠብ አድርገው እንጨቱ ከጠቆረ ግን ሽፋኑ አልቋልና እዚያ ቦታ ላይ መደረብ ዋጋ የለውም፤ ወለሉ በሙሉ መላግ ይኖርበታል።

የተረፈውን ቅብ እንዴት ላስቀምጥ?

ማጠንከሪያ ያልገባበት ቅብ ክዳኑ በደንብ ከተዘጋ ለወራት ይቆያል። ቅዝቃዜ ግን ይገድለዋል፤ አንድ ጊዜ በረዶ ከሆነ እንክብሎቹ ተጣብቀው እንደ እርጎ ስለሚቋጠሩ ቢሞቅም አይመለስምና አሜሪካ ያሉ ሰዎች ጋራዥ ውስጥ ከማሳደር ወደ ምድር ቤት ቢያስገቡት ይሻላል። ብሩሽና ሮለር ወዲያው በውሃና በሳሙና ይታጠቡ፤ ከደረቁ በኋላ ውሃ አያድናቸውም። በቆርቆሮው ክዳን ላይ የቅቡን ስም፣ የድምቀቱን ዓይነትና የተቀባበትን ቀን ይጻፉበት፤ ከአምስት ዓመት በኋላ አንድ እጅ ለመደረብ የሚመጣው ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት እሱን ነው።